እግር ሲደነዝዝ፣ ሐሳብ ሲጎርፍ፦ የዮጋና የሜዲቴሽን ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዓምድ መልስ የሚሰጡት በስቱዲዮ የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን ናቸው። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚደጋገሙትን መርጠናል፤ የጠያቂዎችን ስም ትተን የመጡበትን ከተማ ብቻ ጽፈናል። የታወቀ ሕመም ያለበት ሰው ከእኛ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ለሜዲቴሽን እግሬን አጣጥፌ ስቀመጥ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀኝ እግሬ ድንዝዝ ይልብኛል። መምህራችን "ደም ስለማይዘዋወር ነው፣ ስትለምዱት ይተዋችኋል" ይሉናል። እውነት ይለመዳል? (ከአዳማ)

በአብዛኛው የሚጨቆነው ከደም ሥሩ ይልቅ ነርቩ ነው። ሁለት ቦታ ይጨቆናል። አንደኛው ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል በእጅ ስትዳሰስ የምትገኘው የአጥንት ጉብታ አጠገብ ነው። ነርቩ እዚያ ጋ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ያልፋል፤ ሌላኛው እግር ወይም ወለሉ ሲጫነው የእግር ጀርባና ጣቶች ይደነዝዛሉ። ሁለተኛው ከመቀመጫ ሥር ነው፤ የትራሱ ጠርዝ የጭንን ጀርባ ሲቆርጠው ከዳሌ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ይታመቃል። ዳሌ በልምምድ ሲፈታ መደንዘዙ በመጠኑ ይቀንሳል። መቀመጫው ካልተስተካከለ ግን ዓመት ሙሉ ቢለማመዱም ያው ነው።

መለኪያው ቀላል ነው፤ ተቀምጠው ሲያዩት ጉልበትዎ ከዳሌዎ ዝቅ ማለት አለበት። ወንበር የለመደ ሰው ወለል ላይ በቀጥታ ሲቀመጥ ጉልበቱ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ዳሌው ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ወገቡ ይጎብጣል። ከዚያ ጀርባውን ለማቅናት በጡንቻ ይታገልና ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ መቀመጫውን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። በጃፓን የዜን ቡድሂስቶች ቤቶች የሚጠቀሙበት ክብ ትራስ፣ በጃፓንኛ "ዛፉ" የሚባለው፣ ከሌለዎት ጋቢ ይበቃል፤ ደጋግመው አጥፈው ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉት። የሶፋ ትራስ አይሆንም፣ ሲቀመጡበት ይሰምጥና ከፍታው ይጠፋል። ጠርዙ ጭንዎን እንዳይቆርጠው ከፊተኛው ሲሶ ላይ ብቻ ይቀመጡ። ቁርጭምጭሚቶችዎን ከመደራረብ ይልቅ አንዱን እግር ከፊት ሌላውን ከኋላው ወለሉ ላይ ያስተኟቸው። ጉልበትዎ አሁንም አየር ላይ ከቀረ የታጠፈ ፎጣ ከሥሩ ያስገቡ።

ሎተስ የሚባለውን አቀማመጥ፣ ሁለቱም እግሮች በተቃራኒው ጭን ላይ የሚወጡበትን፣ ለፎቶ ብለው አይሞክሩት። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ለመታጠፍ የተሠራ ነው፤ ዳሌ ያልዞረውን ጉልበት እንዲዞር ሲያስገድዱት ሜኒስከሱ፣ ማለትም በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ አጥንት፣ ይጎዳል። የቡና ዱካም ለዚህ አይመችም፣ ጉልበትን ከዳሌ በላይ ያደርጋል። ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ነውር የለውም፤ እግርዎ ወለሉን ሙሉ በሙሉ ይንካ፣ ጀርባዎ መደገፊያውን አይንካ።

ሲነሱ አይቸኩሉ። በደነዘዘ እግር ቆሞ ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘበት ሰው በየስቱዲዮው አይጠፋም። እግርዎን ዘርግተው ስሜቱ እስኪመለስ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከተነሱ በኋላ መደንዘዙ ለሰዓታት ከቆየ፣ ወይም የእግርዎን ጣቶች ወደ ላይ ማንሳት ካቃተዎት፣ ልምምዱን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ዓይኔን ስጨፍን ሐሳብ ይጎርፍብኛል። ረገብ ሲልልኝ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደኛል። ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

ሐሳብ መምጣቱ ጥፋት አይደለም። ሥራው የሐሳቡን መምጣት ማስተዋልና ወደ ትንፋሽ መመለስ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ሃምሳ ጊዜ ቢመለሱ ሃምሳ ጊዜ ሠርተዋል ማለት ነው። ለጀማሪ የሚረዳው ቆጠራ ነው። አየር ባስወጡ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ። ቁጥሩ ከጠፋብዎት ወደ አንድ ይመለሱ። ራስዎን አሥራ ሰባት ላይ ካገኙትም ጠፍተዋል፣ ያው ወደ አንድ።

እንቅልፉን በተመለከተ መጀመሪያ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ያስቡ። አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው ቁጭ ሲል ቢያንቀላፋ ሰውነቱ ዕዳውን እየከፈለ ነው። እንቅልፍዎ በቂ ከሆነ ዓይንዎን ሙሉ በሙሉ አይጨፍኑ፤ ግማሽ ገርበብ አድርገው ከፊትዎ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ወለሉ ላይ ያሳርፉት። ከምሳ በኋላ አይቀመጡ። ካልሆነ ይነሱና በአሥር እርምጃ ርዝመት ውስጥ ቀስ ብለው ይመላለሱ፣ ትኩረትዎ በረገጠው እግር ላይ ይሁን። ይህ የሜዲቴሽን ምትክ ሳይሆን ራሱ ሜዲቴሽን ነው።

ስለ ርዝመቱም እንጨምር። ለመጀመሪያው ወር በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ እሑድ ብቻ ከሚሠራ 40 ደቂቃ ይሻላል። በሕክምና ተቋማት የሚታወቀው በ8 ሳምንት የሚያልቅ ፕሮግራም፣ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው፣ በቀን 45 ደቂቃ ገደማ ይጠይቃል። እሱ ግን አስተማሪ፣ ቡድንና ሳምንታዊ ክትትል አለው። ብቻዎን ከዚያ አይጀምሩ። ስልኩን ለሰዓት መቁጠሪያነት ብቻ ይጠቀሙበት፣ መስመሩን ዘግተው።

በዳውንዋርድ ዶግ (እጅና እግር ወለል ላይ ሆነው ዳሌ ወደ ላይ በሚነሳበት) እና በቻቱራንጋ (እንደ ፑሽ አፕ ዝቅ በሚባልበት) የእጄ አንጓ ያመኛል። (ከአዲስ አበባ)

ክብደቱ በሙሉ በመዳፍዎ የኋላ ክፍል፣ ከአንጓው አጠገብ ባለው፣ ላይ እያረፈ ነው። እጆችዎ በትከሻዎ ስፋት ልክ ይሁኑ፣ ጣቶችዎን ይዘርጉ፣ የአውራ ጣትንና የሌባ ጣትን መነሻ ወለሉ ላይ ጫን ያድርጉ። በዳውንዋርድ ዶግ የጭን ጀርባ ሲያጥር ሰው ክብደቱን ወደ እጁ ይገፋል፤ ጉልበትዎን በደንብ አጥፈው ዳሌዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ቢወስዱት አንጓው ይገላገላል። ከመዳፍዎ የኋላ ክፍል ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የታጠፈ ፎጣ ማስገባትም የአንጓውን መታጠፍ ይቀንሳል። ቻቱራንጋን ለአንድ ሁለት ወር በጉልበት ተንበርክከው ይሥሩት፤ ትከሻ ከክርን በታች ሲወርድ ጉዳቱ ከአንጓ አልፎ ትከሻ ይደርሳል።

ካፓላባቲ የሚሉትን ፈጣን አተነፋፈስ ስንሠራ ጣቶቼን ይነዝረኛል፣ ያዞረኛል። አስተማሪው "ውስጣዊ ኃይልሽ እየተነሳ ነው" አለኝ። (ከአዲስ አበባ)

እየሆነ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድዎ መውረዱ ነው። በላይ በላዩ ሲተነፍሱ ሰውነት ከሚያመርተው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። መጠኑ ሲወርድ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ማዞሩ ከዚያ ይመጣል። የደሙ አሲድነትም ስለሚቀንስ ነርቮች በትንሽ ነገር ይቀሰቀሳሉ፤ ጣትና የከንፈር ዙሪያ የሚነዝረው ለዚህ ነው። ያቁሙና በአፍንጫ ዝግ ብለው ይተንፍሱ፣ በጥቂት ደቂቃ ይለቅዎታል። አስተማሪ ማዞርን እንደ ስኬት የሚያወድስ ከሆነ ሌላ አስተማሪ ይፈልጉ።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከማስገባቱ ላይ ነው። በካፓላባቲ የሚሠራው ማስወጣቱ ብቻ ነው፤ የታችኛው ሆድ ኩምትር ብሎ አየሩን ይገፋል፣ ከዚያ ሆዱ ሲለቀቅ አየሩ በራሱ ይገባል። ጀማሪ ግን በደረቱ እየሳበ ይሞላል። በሰከንድ አንድ ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፤ ሦስት ዙር ይበቃል። ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል ሕመም ያለበት፣ ሄርኒያ ያለበትና በቅርቡ ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ጭራሽ አይሥራው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ከዱባይ ወይም ከጂቡቲ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ መያዝ ቢያጥረው አይደንግጥ፣ አይታገል። ለማንም የሚስማማው ይህ ነው፦ በአፍንጫ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። አንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። አምስት ደቂቃ።

ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ። ስቱዲዮው "ስፖርት ብቻ ነው" ይላል፤ ጓደኛዬ "ባዕድ አምልኮ ነው" ትለኛለች። ማንን ልመን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሁለቱም አሳጥረውታል። ዮጋ የበቀለው በሕንድ የሂንዱ፣ የቡድሂስትና የጃይን ትምህርቶች መካከል ነው። የፓታንጃሊ ሱትራዎች የሚባሉት የጥንት የዮጋ ጽሑፎች ስምንት አካላት ይቆጥሩለታል፤ አሳና፣ ማለትም አቀማመጥ፣ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ሲሆን መድረሻው ሰማዲ የሚባል የመንፈስ ደረጃ ነው። ይህን "ስፖርት ብቻ" ማለት ታሪኩን መሸፋፈን ነው።

በሌላ በኩል ዛሬ በስቱዲዮ የሚሠራው ተያያዥ እንቅስቃሴ በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ቲ. ክሪሽናማቻሪያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹ ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋርና ፓታቢ ጆይስ በየራሳቸው መንገድ ለምዕራቡ ዓለም አደረሱት። ከቀበቶ፣ ከእንጨት ብሎክና ከብርድ ልብስ ጋር የሚሠራው ስልት ከአየንጋር የመጣ ነው፤ በትንፋሽ ተያይዞ የሚፈስሰው ደግሞ ብዙ ነገሩን ከጆይስ ወስዷል። ስለዚህ እርስዎ የሚገቡበት ክፍል ጡንቻ ማሳሳብ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቃል) እና ምስል ያለበትም ሊሆን ይችላል። ስሙ አንድ ስለሆነ ይዘቱ አንድ ነው ማለት አይደለም።

የሃይማኖት ተቋማትም አቋማቸው ለየቅል ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ እ.ኤ.አ. በ2020 ዮጋ ከኦርቶዶክስ እምነት ጋር እንደማይስማማ ገልጿል። የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ማንትራና አምልኮ የተቀላቀለበትን ዮጋ ለሙስሊሞች ከልክሏል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ስፖርት እንቅስቃሴ ተቀብላዋለች። ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ የተወሰነውም እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ ላይ ነበር።

ከመመዝገብዎ በፊት ስቱዲዮውን በቀጥታ ይጠይቁ። በመክፈቻና በመዝጊያ የሚዜም ነገር አለ? የአማልክት ምስል ወይም መሠዊያ ክፍሉ ውስጥ አለ? በሜዲቴሽን ጊዜ የሚደገም ቃል ይሰጣል ወይስ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚከተሉት? "ኦም" ሲባል ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል፣ ማንም አይቆጣም፤ የሚቆጣ ካለ ያ ራሱ መልስ ነው። ለንስሐ አባትዎ ሲነግሩ "ዮጋ ጀመርኩ" ብለው አይተዉት፣ "ስፖርት ነው" ብለውም አያሳንሱት። ክፍሉ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሆነውን በዝርዝር ይንገሯቸው። ውሳኔው የእርስዎና የእሳቸው ነው፣ የእኛ አይደለም።

አሥር ቀን በዝምታ የሚቆዩበት የቪፓሳና ኮርስ ልመዘገብ ነው። ከመሄዴ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ? (ከኔታንያ፣ እስራኤል)

በኤስ.ኤን. ጎይንካ ስልት የሚሰጠው ከሆነ፣ ጎይንካ ከበርማ ወደ ሕንድ መጥተው እ.ኤ.አ. በ1969 ማስተማር የጀመሩት ነው። ክፍያ የለውም፤ ኮርስ የጨረሱ ሰዎች በሚሰጡት መዋጮ ይተዳደራል። ደወሉ የሚደወለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ በቀን አሥር ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። ስልክ፣ መጽሐፍና ማስታወሻ አይፈቀድም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በአፍንጫ በር ላይ ትንፋሽን ማስተዋል ብቻ ነው፤ ዋናው ትምህርት በአራተኛው ቀን ይጀምራል። ብዙ ሰው ሻንጣውን የሚያስታውሰው በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ወገቡም ሆነ ሐሳቡ የሚያስቸግረው ያኔ ነው።

ለእኛ ሰው የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። በኮርሱ ደንብ መሠረት በቆይታው ጊዜ ጸሎት፣ ጾም፣ ዕጣንና መቁጠሪያ ይቆማሉ፤ መቁጠሪያ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። ምግቡ ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም፣ ወተት ሊኖረው ይችላል። ጸሎት ማቋረጥ የማይሆንልዎት ከሆነ ገብተው ተደብቀው ከመጸለይ አለመሄድ ይሻላል። ከባድ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው በማመልከቻው ላይ ሳይደብቅ ይጻፍ፤ ረጅም ዝምታና ብዙ ሰዓት መቀመጥ ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ዮጋዬን መቼ ልሥራ? (ከጎንደር)

ጠዋት ከነቁ ብዙም ሳይቆዩ ቀለል ያለውን፣ ወይም ከማፍጠርዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው። ከቀትር በኋላ ከቆሙበት ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ድንገት ቀና ማለት ያዞራል፤ ቀና ሲሉ ጉልበትዎን አጥፈው፣ አንገትዎን መጨረሻ ላይ ያንሱ። ውኃም ስለማይጠጡ ክፍሉ ወደ 40 ዲግሪ የሚሞቅበትን ዮጋ በጾም ቀን አይሞክሩት። ካፈጠሩ በኋላ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይቆዩ፣ በተለይ ሽሮ በልተው ከሆነ። ስግደት የሚያበዙ ከሆነም ያ ቀን ለጉልበትዎና ለጭንዎ በቂ ሥራ ነው፤ በላዩ ላይ ተንበርክከው የሚሠሩትን አይጨምሩበት።

በኮንዶሚኒየማችን የጋራ ሕንፃ ውስጥ ሳምንታዊ የዮጋና የሜዲቴሽን ቡድን ልንጀምር ነው። ከየት እንጀምር? (ከአያት፣ አዲስ አበባ)

ከአዳራሹ። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ጎረቤቱን ሳይነካ ለመሥራት 2 በ1.2 ሜትር ያስፈልገዋል። 6 በ8 የሆነ ክፍል በሒሳብ ሃያ ሰው ይይዛል፤ የአስተማሪውን ቦታና የጫማውን ጥግ ሲቀንሱ ግን ከአሥራ አምስት አይበልጥም። ቅዳሜና እሑድ አዳራሹ በለቅሶና በድግስ ስለሚያዝ ከሥራ በኋላ ያለ የሥራ ቀን ይምረጡ። ወለሉን ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አስወልውሉ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ ይንሸራተታል። ሲሚንቶ ይቀዘቅዛልና ለማረፊያው ሁሉም ጋቢ ይዞ ይምጣ። በተዘጋ ክፍል ዕጣን አታጭሱ፤ አስም ያለበት ሰው በይሉኝታ ዝም ብሎ ይታመማል።

አንድ ሰዓቱን እንዲህ ብትከፋፍሉት ይሠራል፦ 5 ደቂቃ ትንፋሽ፣ 35 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ 10 ደቂቃ በጀርባ ተኝቶ ማረፍ፣ 10 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ሜዲቴሽን። ማረፊያውን ለመቁረጥ ትፈተናላችሁ፣ አትቁረጡት። ሜዲቴሽኑን መጀመሪያ የሚያደርጉም አሉ፤ ከሥራ ለመጣ ሰው ግን ሰውነቱ ከተፍታታ በኋላ መቀመጥ ይቀልለዋል።

ቡድን የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በሰዓት፣ በገንዘብና በመነካካት ነው። በሩ በሰዓቱ ይዘጋ፤ ለአንድ ሰው ከተከፈተ በሚቀጥለው ሳምንት ለአምስት ይከፈታል። መዋጮው እንደ ዕቁብ በወሩ መጀመሪያ ይሰብሰብ፣ በቀን የሚከፈል ከሆነ ዝናብ የዘነበ ዕለት ለአስተማሪው የሚሰጥ ይጠፋል። ገንዘቡን አስተማሪው አይያዘው፣ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይያዘው፣ በየወሩ ወረቀቱ ለሁሉም ይታይ።

በእጅ እየነኩ ማስተካከልን በተመለከተ "የማይፈልግ ይናገር" ማለት እኛ ዘንድ አይሠራም፤ አስተማሪን እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ሁሉም ሰው ትንሽ ካርድ ይያዝና መነካት የሚፈቅድ ብቻ ምንጣፉ ራስጌ ላይ ያስቀምጠው። ካርድ ከሌለ በቃል ብቻ። ይህ ለሴቶችም ለወንዶችም፣ ለአስተማሪው የቅርብ ጓደኛም ጭምር ነው።

አስተማሪ ስትመርጡ የ200 ሰዓት ሥልጠና ወረቀት ልታዩ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ዮጋ አሊያንስ የሚመዘግበው በዚህ መጠን ነው፤ መዝገብ ነው እንጂ የመንግሥት ፈቃድ አይደለም። ከወረቀቱ ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "ጉልበቴን ያመኛል፣ በዚህ ምትክ ምን ልሥራ?" ወዲያው ሁለት ሦስት አማራጭ የሚያሳያችሁን ያዙ። "ቀስ በቀስ ይፈታል" የሚለውን አመስግናችሁ ሸኙት።

አዲስ የገዛሁት ምንጣፍ ያንሸራትተኛል። (ከሐዋሳ)

ፒቪሲ ከሆነ ከፋብሪካ የወጣበት ስስ ሽፋን ነው። ጨው ነስንሰው በእርጥብ ጨርቅ ይሹት፣ ያጥቡት፣ ደጋግመው ይሥሩበት፤ ይለቃል። የተፈጥሮ ጎማ ከሆነ ጨውም ኮምጣጤም አይንካው፤ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው፣ ማድረቁም በጥላ ይሁን፣ ፀሐይ ያሰነጣጥቀዋል። በረኪና ለሁለቱም አይሆንም። ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ10 በላይ የሆነው የስፖንጅ ምንጣፍ ለጉልበት ይመቻል፣ በአንድ እግር ሲቆሙ ግን ያወዛውዛል፣ መዳፍም ስለሚሰምጥበት አንጓን ያሳምማል።